ኤንኬይ አርፒኤፍ-1 ቸርኬ በአሮጌ ሚያታ ላይ፦ ከአንድ ዓመት በኋላ

ቀጥታ ልናገር። ቸርኬው ጥሩ ነው። ባልገዛሁት ብዬ የተቆጨሁበት ቀን የለም። ግን መኪናዬ ላይ ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት መሪው እጄ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነው የነዳሁት። ጥፋቱ የቸርኬው አልነበረም፣ የገጠመው ቤት ነው። ስለዚህ ይሄ አስተያየት ስለ ዕቃውም ስለ አገጣጠሙም ነው። ሁለቱን መለየት አልቻልኩም።

መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት፣ አሜሪካ ሚያታ የሚሏት፣ እ.ኤ.አ. የ1991 ሥሪት። ቀይ፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር፣ ማኑዋል ካምቢዮ፣ መሪዋ ፓወር ስቲሪንግ የሌለው። ይህች መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ነው። የማዝዳ ሰዎች የድሮዎቹን የእንግሊዝ ክፍት ስፖርት መኪኖች፣ በተለይ ሎተስ ኤላንን፣ እያሰቡ ነው የሠሯት፤ ቀላል፣ ትንሽ፣ ሞተር ፊት፣ ግፊት ከኋላ፣ ግን ጠዋት ሲነሡ ትነሣለች ወይስ አትነሣም ተብሎ የማይጨነቁባት። የእኔዋ አንድ ቶን አትሞላም። እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ 25 ዓመት የሞላው መኪና የአሮጌ መኪና ታርጋ ማውጣት ስለሚችል በሕግም ዕድሜዋን የቆጠረች ናት። ከአንድ ጡረታ ከወጣ ሰው ነው የገዛኋት። ጋራዥ ውስጥ ጨርቅ አልብሶ ነበር የሚያስቀምጣት።

የፋብሪካ ቸርኬዋን እወደዋለሁ። ሰባት ጨረር ያለው፣ 14 ኢንች፣ ስፋቱ 5.5 ኢንች የሆነ አሉሚኒየም ነው። አንዱ 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ብቻ ይመዝናል፣ ያኔ ለተሠራ የፋብሪካ ቸርኬ ይሄ የሚገርም ነው። ታዲያ ለምን ቀየርኩት? ሁለት ምክንያት ነበረኝ። አንደኛው፣ ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ በረዶና ጨው አስፋልቱን ቆፋፍሮት አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁና የፊት ግራው ቸርኬ ከንፈሩ ታጠፈ። በየአራት ቀኑ ንፋስ መሙላት ሰለቸኝ። ሁለተኛው፣ በ185/60 አር14 ልክ (ስፋቱ 185 ሚሊ፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 60 በመቶ፣ ለ14 ኢንች ቸርኬ ማለት ነው) ደህና ጎማ ማግኘት እየከበደ ነው። ያለው ምርጫ ትንሽ ነው፣ ያለውም አብዛኛው ለሥራ መላላኪያ መኪና የተሠራ እንጂ ኩርባ ለሚወድ ሰው አይደለም። 15 ኢንች ላይ ግን ምርጫው ይሰፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልናገር፣ ምክንያቱም እኔም ተሳስቼ ልገዛ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ቸርኬ ሲገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መልኩን ነው። ከዚያ የብሎኑን ቁጥር ይጠይቃል፣ ባለ አራት ነው ባለ አምስት? ባለ አራት ከሆነ ይገባል ብሎ ያስባል። አይደለም። ሚያታ ባለ አራት ብሎን ነች፣ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ 100 ሚሊሜትር ነው፣ የመሃል ቀዳዳዋ 54.1 ሚሊ ነው፣ የብሎኑ ጥርስ 12 በ1.5 ነው። እነዚህን ቁጥሮች ለጊዜው ያዙልኝ። አዲስ አበባ ያላችሁ አንባቢዎች ይሄ የስፖርት መኪና ወሬ አይመለከተንም ብላችሁ እንዳትዘጉት፣ ከተማውን የሞላው ቶዮታ ቪትዝ ልክ እነዚሁ ቁጥሮች ናቸው ያሉት። 4 በ100፣ 54.1። የ90ዎቹ ኮሮላም እንዲሁ። ስለዚህ ስለ ቀለበትና ስለ ዳዶ ከታች የምጽፈው ሁሉ ለቪትዛችሁም ይሠራል።

ሌላው ቁጥር ኦፍሴት ነው። ቸርኬው ከሞዞው (ቸርኬው ከሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ጋር የሚገናኝበት ፊት ከቸርኬው ስፋት መሃል ምን ያህል እንደራቀ የሚናገር ቁጥር ነው። የፋብሪካው 45 ነው። እኔ የገዛሁት 15 በ7 (ቁመቱ 15፣ ስፋቱ 7 ኢንች)፣ ኦፍሴቱ 41 ነው። ወረቀት ላይ አስልቼው ነበር፣ እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት አስሉት፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ስፋቱን ወደ ሚሊ ቀይራችሁ ለሁለት ታካፍላላችሁ፣ ኦፍሴቱን ትቀንሳላችሁ፣ ቸርኬው ከሞዞው ወደ ውጭ የሚወጣውን ታገኛላችሁ። የድሮው ወደ 25 ሚሊ ይወጣ ነበር። አዲሱ 48 ገደማ ይወጣል። ማለት 23 ሚሊ ወደ ፓራፋንጎው ተጠጋ። ወደ ውስጥ ደግሞ 15 ሚሊ ጨመረ። ሁለቱንም ሚያታ በምቾት ትችላለች፣ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙሬም፣ ሁለት ሰው ተቀምጦም፣ የትም አልነካም። መጀመሪያ ልገዛው የነበረው አንድ ያገለገለ ቸርኬ ግን ያው 15 በ7 ሆኖ ኦፍሴቱ 20 ነበር። ያ ከድሮው በ44 ሚሊ ወደ ውጭ ያወጣው ነበር። መልኩ ያምራል፣ ዋጋውም ግማሽ ነበር፣ ግን ጎማው ፓራፋንጎውን ይበላው ነበር። ሻጩ «ይገባል ወንድሜ፣ እኔም አስገብቼዋለሁ» ነበር ያለኝ። ለምን ዓይነት መኪና እንደሆነ አልነገረኝም።

የጎማው ልክ 195/50 አር15 ነው። ይሄን የመረጥኩት ለመልክ አይደለም። የድሮው ጎማ ቁመቱ በሙሉ 577 ሚሊ ተኩል ገደማ ነው፣ የአዲሱ 576። ልዩነቱ ሁለት ሚሊ አይሞላም። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያው አይዋሽም፣ ማርሹም እንደነበረው ይቆያል። 205/50 የሚያስገቡ ብዙ ናቸው፣ ያም 586 ሚሊ ነው፣ አይከፋም። 16 እና 17 ኢንች ላይ የሚወጡትን ግን አልገባኝም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። አንድ ቶን በማትሞላ መኪና ላይ ትልቅ ቸርኬና የላስቲክ ክር የመሰለ ጎማ ሲደረግ ያ ሁሉ ክብደት ከሞላው (ከስፕሪንጉ) በታች ነው የሚቀመጠው። ሾክ አብዞርበሩ ሊቆጣጠረው ይቸገራል። መኪናዋ የምትወደድበት ነገር ቅልጥፍናዋ ነው፣ እሱን ሸጦ መልክ መግዛት ነው የሚሆነው።

አሁን ወደ ቸርኬው። ኤንኬይ እ.ኤ.አ. በ1950 ሃማማትሱ ውስጥ የተቋቋመ የጃፓን ድርጅት ነው። ከ1995 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ለማክላረን የፎርሙላ 1 ቡድን ቸርኬ ያቀርብ ነበር። አርፒኤፍ-1 ከዚያ ልምድ የወጣ ቸርኬ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል፣ ከዚያ የዙሪያው ክፍል እየተሽከረከረ በሮለር እየተጫኑት ይለጠጣል። በዚህ ምክንያት ዙሪያው ቀጭን ሆኖም ጠንካራ ይሆናል። ተራ ቀልጦ የተሠራ ቸርኬ ጥንካሬ ሲፈልግ መወፈር አለበት፣ ሲወፍር ደግሞ ይከብዳል። ካርቶኑን ከፍቼ አንዱን ሳነሣ እጄ ቀድሞኝ ወደ ላይ ሄደ። ከፋብሪካው በአንድ ኢንች ተኩል ሰፍቶ፣ በአንድ ኢንች አድጎ፣ በእጅ ሲያዝ ግን ከእሱ የቀለለ ነው። ይሄን ለማመን ሁለቱን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ ነበር።

ቀለሙ ብርማ ነው። ጥራቱ ንጹሕ ነው፣ ጠርዞቹ ላይ ሻካራ ነገር አላገኘሁም፣ ከውስጥ በኩል ኦፍሴቱና ስፋቱ በግልጽ ተጽፏል። ለአራቱ ከ900 ዶላር ትንሽ በለጥ ያለ ከፍያለሁ፣ ጎማውን ሳይጨምር። ርካሽ አይደለም። በግማሹ ዋጋ ይህን መልክ የሚመስል ኮርጀው የሠሩት አለ፣ ግን መኪናዬን ከመንገድ ጋር የሚያገናኛት ነገር ላይ ኮፒ አልገዛም። የማልወደው አንድ ነገር የመሃል ክዳኑ ለብቻው የሚሸጥ መሆኑ ነው። ክዳን ካልገዛችሁ የመሃሉ ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ የሞዞው ዝገት ፊት ለፊት ይታያል። እኔ ሞዞውን በሽቦ ብሩሽ ፍቄ ጥቁር ቀለም ቀባሁት። ክዳን ሳያስፈልገኝ ቀረ።

አሁን ደግሞ ዋናው ነገር። የዚህ ቸርኬ የመሃል ቀዳዳ 73 ሚሊ ነው። የሚያታ ሞዞ 54.1 ነው። ቸርኬ ሠሪዎች ቀዳዳውን ሰፊ የሚያደርጉት አንድ ቅርጽ ለብዙ መኪና እንዲሆንላቸው ነው። ስለዚህ በቸርኬውና በሞዞው መካከል ዙሪያውን 9 ሚሊ ተኩል የሚሆን ባዶ ቦታ ይቀራል። ያንን የሚሞላ ቀለበት አለ፣ ከ73 ወደ 54.1 የሚያወርድ። አራቱ 20 ዶላር አይሞሉም። ቀለበቱ ክብደት አይሸከምም፣ ይሄን ብዙዎች ይሳሳቱታል፤ መኪናውን የሚሸከመው ዳዶው ሲጠብቅ ቸርኬውን ከሞዞው ፊት ጋር የሚያጣብቀው ኃይል ነው። የቀለበቱ ሥራ ዳዶው እስኪጠብቅ ድረስ ቸርኬውን ልክ መሃል ላይ መያዝ ነው። ቀላል ሥራ ነው፣ ግን ያ ሥራ ካልተሠራ ቸርኬው በግማሽ ሚሊም ቢሆን ወደ አንድ ጎን ተቀምጦ ይጠብቅና ሀይዌይ ላይ ይነግራችኋል።

እኔ ቀለበቶቹን ገዝቼ፣ ዳዶውንም ገዝቼ፣ ሁሉንም በአንድ ፌስታል አድርጌ፣ ቸርኬና ጎማውን ጭኜ አንድ ትልቅ የጎማ ቤት ወሰድኩ። ስሙን አልጠራም። ሥራ በዝቶባቸው ነበር፣ ቅዳሜ ነበር። መኪናዋን ስረከብ ከፌስታሉ ውስጥ ሁለት ቀለበት ተመልሶ አገኘሁ። ጠየቅኩ። «እነዚህ አያስፈልጉም፣ ዳዶው ራሱ መሃል ያገባዋል» አለኝ ልጁ። እውነት ነው፣ ጫፉ እንደ ሾጣጣ የሆነ ዳዶ ቸርኬውን ወደ መሃል ይስበዋል፤ ግን መኪናው ክሪክ ላይ ሳለ፣ በእጅ፣ በመስቀል ቅደም ተከተል፣ ቀስ እየተባለ ከተጠበቀ ነው። እሱ የአየር መፍቻውን ይዞ የመጀመሪያውን ዳዶ ትርርር አድርጎ እስከ መጨረሻ ነው ያጠበቀው። ቸርኬው የተቀመጠበት ቀረ። ቆሜ እያየሁ ነበር፣ ዝም አልኩ። ያኔ አለመናገሬ እስካሁን ያናድደኛል።

ከቤታቸው ወጥቼ 395 ሀይዌይ ላይ እንደገባሁ 60 ማይል ላይ ጀመረ። መጀመሪያ መሪው፣ ከዚያ መቀመጫው። 70 ላይ ይቀንሳል፣ ወደ 62 ሲወርድ ይመለሳል። ሰኞ ተመለስኩ። ባላንሱን ደገሙት። ምንም ለውጥ የለም። እንደገና ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ ከውስጥ የሚለጠፈውን የባላንስ እርሳስ (ክብደት ማመጣጠኛውን ብረት) ትተው የሚቆነጠጠውን እርሳስ በመዶሻ የቸርኬው ከንፈር ላይ መትተው ሰደዱኝ። አዲስ ቸርኬ ላይ! ቀለሙ ተላጠ። ንፋሱንም 35 ፒኤስአይ አድርገውታል። የሚያታ በር ላይ ያለው ጽሑፍ 26 ነው የሚለው፣ መኪናዋ ቀላል ናት። 35 ላይ ድንጋይ ላይ እንደምትዘል ፍየል ነው የሆነችው። ቤት ገብቼ ከሥር ሳይ ደግሞ ከበሩ ሥር ያለውን የብረት ጠርዝ በክሪክ ጨፍልቀውታል። 30 ዓመት ያልተነካ ጠርዝ። እዚያ ቤት አልተመለስኩም።

እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የአገራችን ሰው ጋራዥ አለች። ሁለት መኪና ብቻ የምትችል፣ ውጭ ሲታይ ምንም የማትመስል። ባለቤቱ በዕድሜ ጠና ያሉ ናቸው፣ ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው። ሥራቸው ከታክሲና ከኡበር ነጂዎች ጋር ስለሆነ የእኔን መኪና ሲያዩ አይወዱትም ብዬ ነበር። ገና ስገባ በእጃቸው ጭቃ መከላከያዋን ዳሰስ አድርገው «ይቺ ስንት ዓመቷ ነው?» አሉ። ነገርኳቸው።

«ምን ሆነች ታዲያ?»

«ጋሼ፣ 60 ላይ ትንቀጠቀጣለች። ባላንስ ሁለቴ ተሠርቷል።»

«ባላንስ እኮ ጎማና ቸርኬን ነው የሚያስተካክል። አቀማመጡንስ ማን አስተካከለው?»

ከዚያ በኋላ ብዙም አላወሩም። መኪናዋን ከጠርዟ ሳይሆን ከፊት ከመሃለኛው ተሸካሚ ብረት፣ ከኋላ ከዲፈረንሺያሏ ላይ አነሱ። ዳዶዎቹን ለመፍታት ቁልፉ ላይ ቧንቧ መጨመር አስፈለጋቸው፣ ያን ያህል ነበር የጠበቀው። የፊት ቀኙ አንድ ብሎን ጥርሱ ተለጥጦ ዳዶው በእጅ ሲዞር ይይዛል። ብሎኑን መትተው አውጥተው አዲስ አስገቡ። ዕቃው ጥቂት ዶላር ነው፣ ግን መንገድ ላይ ቢበጠስ ኖሮስ? ሁለቱ የፊት ቸርኬዎች ቀለበት የላቸውም። የኋላው ግራ ቀለበት አለው፣ ግን ሰያፍ ሆኖ ገብቶ ጠርዙ ተሰንጥቋል። ማለት ሥራውን በትክክል የሚሠራ ቀለበት የነበረው አንዱ ቸርኬ ብቻ ነው።

ሞዞዎቹን አንድ በአንድ በሽቦ ብሩሽ አጸዱ። 30 ዓመት የተጋገረ ዝገት ነበር። ዝገቱ ላይ ቸርኬ ካስቀመጥክ ዳዶህ ዝገቱን ነው የሚያጠብቅ፣ ዝገቱ ሲረግፍ ዳዶህ ይላላል አሉኝ። ከሞዞው ከንፈር ላይ ብቻ በጣት ጫፍ ስስ ቅባት ቀቡ፣ ቸርኬው ክረምት ላይ እንዳይጣበቅ። ብሎኑን ግን አልቀቡም። «ቅባት ያለው ብሎን መፍቻውን ያታልለዋል» አሉ። እውነት ነው፣ ቅባት ካለ ያው ቁጥር ላይ ከሚገባው በላይ ይጠብቃል።

የተሰነጠቀውን ቀለበት ለመተካት የፕላስቲክ ይሻላል ወይስ የአሉሚኒየም ብዬ ጠየቅኩ። ክረምት ላይ ጨው መንገድ የምትነዳ ከሆነ ፕላስቲክ፣ አሉሚኒየሙ በጨው ዝጎ ቸርኬና ሞዞን አንድ ያደርጋቸዋል አሉ። ፍሬኑን በጣም የሚያግሉ፣ የእሽቅድድም ሜዳ ላይ የሚነዱ ሰዎች ግን ፕላስቲኩ ሊቀልጥባቸው ይችላል። እኔ ሜዳ አልሄድም። ፕላስቲክ ሆነ።

ከዚያ ዳዶው። በእጅ አስገቡ ሁሉንም። በእጅ! የአየር መፍቻው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አላዩትም። በመስቀል ቅደም ተከተል ትንሽ ትንሽ አጠበቁ። ቸርኬውን በየመሃሉ በመዳፋቸው እየነቀነቁ። ክሪኩን ዝቅ አድርገው ጎማው መሬት ሲነካ ቶርክ መፍቻውን (የጥብቀቱን ልክ የሚለካ፣ ልኩ ሲደርስ ጠቅ የሚል መፍቻ) አወጡ። የማዝዳ መጽሐፍ ከ65 እስከ 87 ፉት ፓውንድ ነው የሚለው። 80 ላይ አደረጉት፣ አራቱም ዳዶ ጠቅ፣ ጠቅ። የሚቆነጠጠውን እርሳስ ነቅለው ከውስጥ በሚለጠፍ ተክተው ባላንሱን እንደገና ሠሩ። ንፋሱን 28 አደረግን፣ አዲሱ ጎማ ሰፋ ስላለና ጎኑ አጭር ስለሆነ ከ26 ትንሽ ከፍ ይበል ተባብለን። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። የጠየቁኝ ዋጋ ትልቁ ቤት ከጠየቀኝ ያነሰ ነበር።

ያን ማታ 395 ላይ ወጣሁ። 55። 60። 65። ምንም። መሪው ዝም አለ። ሬዲዮውን አጥፍቼ ነበር የምነዳው፣ እንዳያመልጠኝ ብዬ። ምንም የለም። ለብቻዬ መኪና ውስጥ «ተመስገን» ያልኩት ያኔ ነው።

አሁን ስለ አነዳዱ። የጎማው ጎን ከ111 ሚሊ ወደ 97 ተኩል ወርዷል፣ ስለዚህ መሪው ሲዞር መኪናዋ ቶሎ ትሰማለች። በፊት መሪውን ዞር አድርጌ ጎማው ትንሽ ተጣሞ ከዚያ ነበር የምትታጠፈው፣ አሁን ያ መዘግየት የለም። ጥቅምት ላይ፣ ቅጠሉ ቀይ ሲሆን፣ ስካይላይን ድራይቭ ወሰድኳት። ከፍሮንት ሮያል ተነሥቶ በብሉ ሪጅ ተራራ ጀርባ 105 ማይል የሚሄድ መንገድ ነው፣ ፍጥነቱ 35 ማይል ብቻ ነው የተፈቀደው። ለዚህች መኪና ግን 35 ይበቃታል። ጣሪያዋን አውርዳችሁ፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ፣ ኩርባ ከኩርባ። ቶርንተን ጋፕን አልፌ ዋሻው ጋ ስደርስ አንድ ሰዓት እንደነዳሁ አላወቅሁም ነበር። ቸርኬው ቀላል ስለሆነ መንገዱ ላይ ያለ ጥቃቅን ነገር ሲመታት ጎማው ቶሎ ወደ አስፋልቱ ይመለሳል፣ መኪናዋ አትደናገጥም።

የከፋው ነገር አለ። መሪዋ ፓወር ስለሌለው ፓርኪንግ ላይ ከበፊቱ ከብዷል። ጎማው አንድ ሴንቲ ሰፍቷልና ይሰማል። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ገበያ ቦታ ላይ ማቆም አትወድም፣ እውነቷን ነው። ጉድጓድም ይበልጥ ይሰማል። ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ክረምት ሲያልቅ ያለውን አስፋልት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ አንዳንዱን በጎን ማለፍ ለምጃለሁ። በበረዶ ወቅት ደግሞ አዲሱን አውልቄ የድሮውን ነው የማስገባው። የታጠፈውን ቸርኬ አስቀንቼዋለሁ፣ አሁን ንፋስ አያጣም።

የድሮውን ቸርኬ አትሽጡ፣ ይሄን በጣም ነው የምለው። እነዚህ መኪኖች ዋጋቸው እየጨመረ ነው፣ ነገ የሚገዛው ሰው አራቱንም የፋብሪካ ቸርኬ ከነክዳኑ ማየት ይፈልጋል። የድሮውን ዳዶም አብራችሁ አስቀምጡ። የሆንዳ ቸርኬ አግኝታችሁ ለማስገባት ለምታስቡ ደግሞ፣ የ90ዎቹ ሆንዳ ሲቪክም 4 በ100 ነው፣ ጥርሱም አንድ ነው፣ ግን የመሃል ቀዳዳው 56.1 ነው፣ የፋብሪካ ዳዶውም ጫፉ እንደ ኳስ የዞረ እንጂ ሾጣጣ አይደለም። የሚያታን ዳዶ የሆንዳ ቸርኬ ላይ ማጥበቅ በጣም አደገኛ ነው። ይጠብቃል፣ የጠበቀ ይመስላል፣ ግን የሚነካው ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ዳዶ ከቸርኬው ጋር ነው የሚሄደው፣ ከመኪናው ጋር አይደለም።

ስለ መልኩ የተለያየ ነገር ተብያለሁ። አንድ ወዳጄ ለዚህች መኪና የሚስማማው ስምንት ጨረር ያለው የሚኒላይት ዓይነት ቸርኬ ነው ይላል፣ የእንግሊዞቹን የ60ዎቹ መልክ ስለያዘች። አዳምጬዋለሁ፣ ትክክል ነው፣ ከሩቅ ሲታይ ያ ይበልጥ ያምርባታል። አርፒኤፍ-1 የእሽቅድድም ልጅ ነው የሚመስለው። ግን እኔ ቆሜ ከማያት ይልቅ ተቀምጬ የምነዳት ጊዜ ይበዛል።

ለማን ይሆናል? ሚያታውን ለሚነዳት፣ ኩርባ ለሚወድ፣ 900 ዶላር ላይ ሌላ 20 ዶላር የቀለበት ጨምሮ ለሚከፍል፣ እና የሚገጥመውን ሰው ለሚመርጥ። መኪናውን ለትርዒት ለሚያቆም አይሆንም፣ የፋብሪካውን ያቆይ። ገጣሚ ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ ዳዶውን በምንድን ነው የምታጠብቀው በሉት። ቶርክ መፍቻውን ካላሳያችሁ ጎማውን ጭናችሁ ውጡ።

አንድ ነገር ሊረሳኝ ነበር። ከጋራዡ ስወጣ ጋሼ በሩ ጋ አስቁመውኝ «50 ማይል ነድተህ ተመለስ፣ እንዳትረሳ» አሉኝ። አዲስ ቸርኬ ሲገባ ዳዶው መቀመጫውን ይይዝና ትንሽ ይላላል። በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ገንዘብ አልጠየቁም። 16ቱንም አንድ በአንድ አዩዋቸው። 15ቱ ጠቅ አሉ። ያ አዲስ ብሎን የገባበት የፊት ቀኙ ግን ሩብ ዙር ዞረ፣ ከዚያ ጠቅ አለ።